ጫፉ ያልተሸጎጠ ሻሽ

ሐያት ሞተች ሲሉኝ ቀድሞ የመጣብኝ እንባ አይደለም፤ ንዴት ነው። ገርጂ ታክሲ እየጠበቅኩ ስልኬን ስከፍት የድሮ መሥሪያ ቤታችን ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ተደርጎ ከጎኑ ሻማ በርቶበታል። ለሙስሊም ሴት ሻማ! ከሥሩ ደግሞ «የራስ ጌጥ ዲዛይነራችንን በማጣታችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል፤ አንቺ ለኛ ቤተሰብ ነበርሽ» ይላል። ቤተሰብ ያሉትን እሺ ልለፈው፤ ቤተሰብም እርስ በርሱ ይበላላል። ቆሽቴን ያሳረረው «የራስ ጌጥ» ያሉት ነው። ያቺ ሴት ጉሮሮዋ እስኪዘጋ «ይሄ ጌጥ አይደለም» እያለች ጮኻባቸው፣ በሞተች ማግስት ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ጌጥ ሠሪ አደረጓት። ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ብቻዬን ስሳደብ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር።

እንግዲህ እነሱ ስላልተናገሩ እኔ ማን እንደነበረች ልናገር።

የስልክ ጌም ነበር የምንሠራው። ሕንፃው ገርጂ ውስጥ ነው፤ ከታች ጋራዥ፣ መሃል ላይ የጥርስ ሐኪም፣ ከላይ እኛ። ጥርሱን የሚነቀል ሰው ሲጮህ እኛ ጋ ይሰማል። እኔ ታሪኩን እጽፋለሁ፣ ሐያት ሰዎቹንና አለባበሳቸውን ትስላለች። ጌሙ የሚካሄደው በምድር ላይ በሌለ፣ እኛው ራሳችን በፈጠርነው ሀገር ነው፤ ሰንደላ ብለነዋል። ንጉሥ አለው፣ ዘንዶ አለው፣ የሚናገር ተራራ አለው። ሐያት እስክትቀጠር ድረስ ያልነበረው ሴት ነው። ወገባቸው የቀጠነ፣ ልብሳቸው ያለቀባቸው ሥዕሎች ነበሩ፤ እነሱን ሴት ካልናቸው እንግዲህ።

ሐያት አጭር፣ ጠይም፣ ድምፀ ወፍራም ነበረች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የመጣችው ለዩኒቨርሲቲ ነው። በየቀኑ ራሷን የምታስረው በተለየ ዓይነት ነው፤ ክላየንት በሚመጣበት ቀን ደግሞ ትልቁን አስራ በበሩ በኩል ጎንበስ ብላ እስከመግባት ትደርሳለች። ሁልጊዜ ከንፈሯ መሃል ስፒል አለ። ስፒሉን እንደያዘች ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ስልክ ታነሳለች። ስፒሉን ከአፏ ያወጣች ቀን ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው፤ የሚመጣውን ለመስማት ሁላችንም ወንበራችንን እናዞራለን።

በመጀመሪያ ሳምንቷ የኔን ጽሑፍ አንስታ ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው። «ንግሥቲቱ ረጅም ጸጉሯን ለነፋስ ለቃ ጋለበች» ይላል። ስፒሉን አወጣች።

«ሶሲ፣ ይቺ ሴትዮ ባል አላት?»

«እ... አላሰብኩበትም።»

«ወልዳለች?»

«አላውቅም።»

«ሐዘን ላይ ናት? ሰርግ እየሄደች ነው? ሀገሯስ የት ነው?»

«ንግሥት ናት በቃ!» አልኳት። እኔም የዋዛ አይደለሁም።

«ንግሥት ከሆነች ጸጉሯን የለቀቀችው ለማን ነው? የሻምፑ ማስታወቂያ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ፣ እስከ ምሳ ድረስ አላናገርኳትም። ከምሳ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የሥዕል ክምር አገኘሁ። አንዱ ላይ የሐረር ሴት አለች፤ ባለትዳር ስትሆን ጸጉሯን ለሁለት ከፍላ ከጆሮዎቿ ጀርባ ጠቅልላ በጉፍታ መረብ የምትይዘው። ሐያት ከሥሯ «በሰንደላ ይሄ የመሐላ መረብ ነው፤ ቃል በገባች ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይጨመርላታል» ብላ ጽፋለች። ሌላው ላይ ሳዱላ አለች፤ የድሮዋ ልጃገረድ፣ መሃል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን የተወችው። እሷን የድንበር ጠባቂ አድርጋታለች። አራስ ሴት ሻሿን አስራ ስትመጣ የሰንደላ ወታደር ሁሉ ጦሩን ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። የመኳንንቱን ራስ ወርቅ ደግሞ ወስዳ ለሴት ዳኞች ሰጠችው፤ ክብደቱን እጅግ ጨመረችና «አንገቷን ስለሚያማት ችሎቱን አታንዛዛም» ብላ ጻፈችበት። እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ፣ ኩርፊያዬም በዚያው አበቃ።

ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ ስከተላት የኖርኩት። ታሪክ ልጽፍ ስል ቀድሜ እሷን እጠይቃለሁ። «ፊት ይዋሻል፤ ያሰረችውን እይ» ትለኝ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው የሌለበት፣ መጽሐፍም የማያስፈልገው ሀገር ነው የምሠራው፣ ሕጉ በሙሉ በሴቶቹ ራስ ላይ ታስሯል ትላለች። ሚኒባስ ውስጥ የተሳፋሪ ሴቶችን ራስ አፍጥጣ እያየች ስንት ጊዜ አሰድባናለች። አንዷ «ምን ታፈጫለሽ፣ ቅማል አየሽብኝ?» ስትላት «አይ እህቴ፣ አስተሳሰርሽ ነው፣ ከየት ነው የተማርሽው?» ብላ እስከ መገናኛ ወዳጅ ሆነው ወረዱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ላምበረት መናኸሪያ ትወስደኛለች። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው አውቶቡስ የሚራገፈው እዚያ ነውና ቆማ የሚወርዱትን ሴቶች ትስላለች። ጥበቃው «ምንድነው የምትጽፊው?» ብሎ ይጮህባታል፣ እሷም ትጮህበታለች፣ በመጨረሻ እሱንም ትስለዋለች። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከአውቶቡስ ወረዱ። ጥቁር ሻሽ ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ አንዱ ጫፍ ግን ሳይሸጎጥ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተንጠልጥሏል። ሐያት የሥዕል ደብተሯን እኔ ላይ ወርውራ ሄደች። ትከሻቸውን ሳመች፣ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«አላህ ያጽናዎት እናቴ። ሶብሩን ይስጥዎት።»

«አሚን፣ አሚን የኔ ልጅ» አሉ ሴትየዋ፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔ አክስቷ መሰሉኝ። ፊቷን እየጠረገች ስትመለስ «ምንሽ ናቸው?» አልኳት።

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ?»

«ሻሻቸውን አላየሽም?» አለችኝ፣ እንደ ደንቆሮ እያየችኝ።

በእናቷ ሀገር ልጅ የቀበረች ሴት እንዲህ ታስራለች። ጫፉን አትሸጉጠውም፤ ልጇን የቀበረ እጅ ለራሱ ማማር አይሠራም ይላሉ። ያንን ጫፍ ያየ ሰው፣ ያውቃት አያውቃት፣ ቢቸኩል ባይቸኩል፣ ሳያጽናናት አያልፍም። የሐያት ታላቅ ወንድም ሲሞት እሷ ሕፃን ነበረች፤ እናቷ እማማ ከድጃ ያቺን ሻሽ አስረው ስንቱን ዓመት ቆዩ። ገበያ ሲሄዱ የማያውቋቸው ሰዎች እየቆሙ «አላህ ያጽናሽ» ሲሏቸው እሷ ቀሚሳቸውን ይዛ ትሰማ ነበር። የፈቱት ሐያት የተመረቀች ቀን ነው። «እናቴ ያላበደችው በነዚያ መንገደኞች ነው» አለችኝ ሐያት፤ ይሄን ስትል ድምፅዋ ረገብ ብሎ ነበር፣ እሷ እንደዚያ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ያቺን ሻሽ ሰንደላ ውስጥ አስገባቻት። እንዲህ ያሰረች ሴት መንገድ ላይ ስትገኝ ጦር ይቆማል፣ ንጉሥ ከፈረሱ ይወርዳል። የሚጫወተው ሰውም አያልፋትም፤ ቁጭ ብሎ አብሯት ዝም ማለት አለበት። ጌሙን የሚሞክሩልን ልጆች መጀመሪያ «ይሄ ቦታ ጌሙን ገደለው» ብለው ተነጫነጩ። በኋላ ግን ከሁሉም የሚያወሩት ስለዚያች ቦታ ሆነ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

አለቃችን ኪሩቤል ይባላል፣ ኪራ ነው የምንለው። መጀመሪያ ላይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቦሌ ሞልቃቃ ነው እንጂ ክፉ አልነበረም። የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ነው የተበላሸው። ባለገንዘቦቹ ለጌሙ ተዋጊዎች የሚሸጥ አልባሳት፣ ስኪን የሚሉትን፣ ፈለጉ። ኪራ ስብሰባ ጠራን።

«ሰዉ የወደደው ይቺን ጥቁሯን ነው» አለ። «ሚስጥራዊ ናት። ለተዋጊዎቹ እናልብሳትና በስኪን መልክ እንሽጣት።»

ሐያት ስፒሉን አወጣች። «ማን ሞቶባቸው?»

«ማንን?»

«ተዋጊዎቹን። ማን ሞቶባቸው ነው የሚያስሩት?»

«ሐያትዬ፣ ስኪን እኮ ነው። ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ከሆነ ሌላ ጨርቅ ሽጥ። መረቡን ሽጥ፣ ራስ ወርቁን ሽጥ፣ የሙሽሮቹን ሁሉ ውሰድ፣ መርቄ ሰጥቼሃለሁ። ይቺን ብቻ ተውልኝ።»

«ኦኬ፣ እናስብበታለን።»

«አታስብበት! ተወው! ጦርነት ሲገባ የሚለብሳት፣ ሲሰለቸው የሚያወልቃት ነገር አይደለችም። ሰው ያቺን ጫፍ አይቶ የሚቆመው እውነት ስለሆነች ነው። አንተ ለሁሉም ካሰርካት ማን ለማን ይቆማል?»

እየጮኸች የራሷን ሻሽ ፈታ እንደገና እያሰረች ነበር፤ ስትናደድ እጇ ዝም አይልም። ኪራ ሲጨንቀው ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ልጄ ትሙት ሐያት፣ አልነካትም» አለ። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ነፍሱ ናት፤ ቢሮ ይዟት ሲመጣ ሁላችንንም ቀለም ታስነካናለች። ሐያት ወዲያው ቀዘቀዘች። በልጅ የተማለ ነገር ላይ ምን ይጨመራል?

ወር አልሞላም። ማስታወቂያው ወጣ። አንዲት ግማሽ ራቁቷን የሆነች ተዋጊ፣ ጥቁሩን ሻሽ ግንባሯ ላይ አስራ፣ ጫፉን በጆሮዋ በኩል አንጠልጥላ፣ ጎራዴ ይዛ ዳሌዋን ታወዛውዛለች። ሐያት አንድ ጊዜ አየችው። ስፒሎቿን ከጠረጴዛው ላይ ለቀመች፣ ኪራ በር ላይ ቆመችና «እኔ ደደብ ነኝ፤ አንተ ግን በልጅህ ምለህ ነበር» አለችው። ከዚያ ደረጃውን ወረደች። ተከትያት ወጣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው።

በሕግ ምንም ማድረግ አልቻለችም፤ ሥዕሉ ሁሉ የነሱ ነው ተባለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ቤት ለቤት እየዞረች ለልጆች ሥዕል ማስተማር ጀመረች፣ ከዚያ ኩላሊቷ ታመመና ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰች። በደወልኩላት ቁጥር ከሰላምታ ቀድማ የምትለኝ አንድ ነገር ነው። «አወጧት?» ትለኛለች፣ ያቺን ሻሽ ከጌሙ ማለቷ ነው። «ገና» እላታለሁ። ልዋሻት አስቤ ነበር፤ ግን ስልኳ ላይ የሙከራ ጌሙ አለ፣ ራሷ ከፍታ ታያለች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ሲከስልም ያችኑ ነበር የምትጠይቀኝ። ይሄን ሳስታውስ አሁንም አንድ ነገር አንስቼ መስበር ያምረኛል።

ከሞተች በኋላ ኪራ ጌሙን በይፋ የሚያስመርቅበት ድግስ ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ደገሰ። «ለሟች ባልደረባችን የመታሰቢያ ሽልማት» የሚል ነገር ጨምሮ እማማ ከድጃን ጠራቸው። ሐያት ጣጣውን ሁሉ ለእናቷ አልነገረቻቸውም ነበር። እማማ ለኔ ደወሉ።

«ቦታውን አላውቀው ልጄ፤ ታደርሺኛለሽ?»

«ይቅርብዎት እማማ።»

«ልጄን ሊያመሰግኑ ነው የጠሩኝ። እንዴት ይቅርብኝ?»

ምን እላለሁ? ላምበረት ሄጄ ጠበቅኳቸው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጥቁር ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ አጥብቀው አስረዋል፣ ጫፉ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ወርዷል። ትከሻቸውን ስሜ «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ ግን በሳቸው ቋንቋ ልላቸው ፈለግሁ።

ሆቴሉ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል። ደሜ በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሁሉም ያንን ሻሽ አስረዋል። ጥቁር፣ ግንባር ላይ ጥብቅ፣ ጫፉ በቀኝ ጆሮ በኩል የተለቀቀ፤ ጫፉ ላይ ብልጭልጭ ተሰፍቶበታል። ከንፈራቸው ቀይ ነው፣ ፈገግ ብለዋል።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ» አለች የመጀመሪያዋ።

እማማ ከድጃ ቆሙ። ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። የልጅቷን ሁለት እጅ ያዙ።

«አላህ ያጽናሽ የኔ አበባ። ሶብሩን ይስጥሽ።»

ልጅቷ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደደረቀ ቀረ። «አ... አመሰግናለሁ» አለች።

ወደ ሁለተኛዋ ሄዱ። «አንቺንም አላህ ያጽናሽ። አብሽሪ።» ወደ ሦስተኛዋ። አቀፏት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ፣ ራሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላችን እንግዶች ተጠራቀሙ፣ ሰልፉ ቆመ። እማማ አንዷንም አላለፉም። አራተኛዋ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ አልቻለችም፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለምን እንደምታለቅስ እሷም አታውቅም።

እማማ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ነጥቷል። «ሶሲ ልጄ፣ ምን ዓይነት መዓት ነው የገባው? እነዚህ ገና ሕፃናት ናቸው። መቼ ወልደው መቼ ቀበሩ?»

«እማማ...»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ማንም አልሞተባቸውም» አልኳቸው። «ለማሳመሪያ አልብሰዋቸው ነው።»

እንዲህ አይተውኝ አያውቁም። የማላውቀውን ቋንቋ የተናገርኩ ነው የመሰላቸው። በዚህ መሃል ኪራ በሱፍ ልብስ አሸብርቆ፣ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እማማ! የሐያት እናት! እንኳን ደህና መጡልን።» ካሜራ የያዙ ሁለት ልጆች ከኋላው አሉ።

እማማ እጁን አልጨበጡትም። «እነዚህን ልጆች እንዲህ ያሰርክ አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ፣ የሐያት ዲዛይን ነው። ለሷ ክብር ነው።»

«ልጅ አለህ?»

«አለችኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ።»

«እንግዲያውስ አሁኑኑ ፍታ» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ሳይሞት ይሄ አይታሰርም። ሟርት ነው። ያልሞተ ሰው ሐዘን ያሰረ፣ ሐዘኑ ባለቤት ፍለጋ ይመጣበታል። እኔ እየረገምኩህ አይደለም፤ እንደ እናት ነው የምነግርህ። ለልጅህ ስትል ፍታ።»

የኪራ ፊት አመድ ሆነ። የማለውን አስታውሷል፤ እኔም እንዳስታወሰ አየሁ። የቦሌ ልጅ ነኝ፣ ዘመናዊ ነኝ፣ ቅብጥርሶ ነኝ የሚለው ሰውዬ ወደ መጀመሪያዋ ልጅ ሄዶ በገዛ እጁ ሻሹን ከራሷ ፈታ። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ። ጣቶቹ እምቢ አሉት፣ በጥርሱ ሁሉ ሞከረ። በዚህ ጊዜ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንግዶቹ አጨበጨቡ! የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ስልካቸውን አውጥተው እየቀረጹ ያጨበጭባሉ። አንዷ «ዋው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አፈር ብሉ አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ፤ ማንም አልሰማኝም። የእማማን ቦርሳ አነሳሁና ይዣቸው ወጣሁ። ሽልማቱን ሳይቀበሉ ቀሩ።

ወደ ላምበረት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስብሰባውን፣ መሐላውን፣ ሐያት እየታመመች በስልክ የምትጠይቀኝን። እሳቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያዩ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሻሹ ከጌሙ ወጣ። ከሚሸጡት መሃል ጠፋ፣ ከማስታወቂያው ተቆረጠ። ያቺ መንገድ ላይ የምትቀመጠው ሐዘንተኛ ብቻ ናት የቀረችው፣ ሐያት እንዳሰረቻት። የፈለግነው ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ለምንድነው ደስ የማይለኝ? ያቺ ልጅ ሥላ አሳይታቸው፣ አስረድታቸው፣ ለምናቸው፣ ተጨቃጭቃቸው ያልሰሙትን፣ ሟርት ፈርተው በአንድ ሳምንት አደረጉት። ክብር ገብቷቸው ቢሆን እሺ። ፈርተው!

ቢሆንም እማማ ማወቅ አለባቸው ብዬ ኮምቦልቻ ደወልኩ።

«እማማ፣ አወጡት» አልኳቸው።

«ሻሹን?» አሉ። «አዎ፣ ሻሹን» አልኳቸው።

«ልጄ በሕይወት ሳለች ስትነግራቸው ጆሯቸው የት ነበር?»